ለእማማ አልጋ የሚሆን እንጨት

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ የጸና፣ ሐሳብሽም የሰከነ ይሁን። እኛ፣ እሱ የተመሰገነ ይሁንና፣ ውለን እናድራለን።

በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነን» ከማለት የማላልፈው ወሬ አጥቼ አይደለም። የእማማን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ሳንቃ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ሳል እንኳን ያሳልፋል። እናትሽ ደግሞ ዓይናቸው ቢደክም ጆሯቸው የሃያ ዓመት ልጃገረድ ጆሮ ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ። ሠላሳ ዓመት መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ቆሜ የጻፍኩት ኪሎና ቀን ብቻ ነውና ፊደሌንም አነጋገሬንም ታገሺኝ።

ባለፈው ረቡዕ ጧት እማማ ከአልጋ ወደቁ። አትደንግጪ፣ አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ግን እንደ በሰለ እንጆሪ ጠቁሯል። ያ የብረት አልጋ ከፍ ይላል፣ ሽቦውም መሐሉ ላይ ረግቧል፤ ሲገላበጡ ወደ ዳር ያንከባልላቸዋል። ያየቻቸው ነርስ «ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ጎኑ ላይ የሚይዙት ድጋፍ ያለው አልጋ ይፈልጉላቸው» አለችኝ። የዕቃ ሱቆቹን ሁሉ ዞርኩ። የሚሸጡት ችፑድ፣ ተጨምቆ የተጣበቀ ፍቅፋቂ ነው፤ ውሃ ሲነካው እንደ ራሰ ዳቦ ያብጣል። ሌሊት ሌሊት እማማ አንዳንዴ ሽንት እንደሚያመልጣቸው ታውቂያለሽ፤ ችፑዱ ወር አይቆይም።

እኔ ራሴ ልሠራው ቆርጫለሁ። መጋዝና መላጊያ ከጎረቤት አገኛለሁ። የማላውቀው እንጨቱን ነው። እህቱ ባሕር ማዶ እንጨት ፋብሪካ ውስጥ ጣውላ ስትመርጥ የምትውል ሰው፣ ሌላ ማንን ይጠይቃል? ምን ዓይነት እንጨት እንደምገዛ፣ እንዴትስ እንደምለየው ጻፊልኝ።

ሌላም ነገር አለ። ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

እህትሽ ካረፈች ስምንት ወር ሊሆናት ነው። እማማ ቀብሯ ላይ ነበሩ፤ እኔን ደግፈው የያዙኝ እሳቸው ናቸው። ከሦስት ወር ወዲህ ግን አእምሯቸው ይሄዳል፣ ይመጣል። አንድ ጧት «ልጄ የት ሄደች?» አሉኝ። ነገርኳቸው። እንደ አዲስ አለቀሱ። በሦስተኛው ቀን ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው፤ ደግመው አለቀሱ። በአራተኛው አፌ እምቢ አለኝና «እህቷ ዘንድ ሄዳለች» አልኩ።

«ባሕር ማዶ?»

«አዎ።»

«ሳትሰናበተኝ?»

«ተኝተው ነበር፤ አልቀስቅሳት ብላ ነው።»

ፈገግ አሉ። «መቼም የእሷ ነገር!» አሉና ቁርሳቸውን ሳያስተርፉ በሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ አንቺ ዘንድ ናት። ጧት በጸሎት ስሟን ከሙታን ጋር እጠራለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ቁርስ ላይ ከሕያዋን ጋር እቆጥራታለሁ። ከቤተሰቡ የቀረሽው አንቺ ብቻ ነሽና ማወቅ ይገባሻል ብዬ ነው።

እጅሽን ከመጋዝ፣ ልብሽን ከሐዘን ይጠብቅልኝ።

የእህትሽ ባል

✻

ጥቅምት 29 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከብርዱ በቀር ክፉ ነገር አላገኘኝም። የእማዬን መውደቅ የጻፉበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። እርስዎ አጠገቧ ስላሉ ተጽናናሁ።

ስለ እንጨቱ እንነጋገር፤ እሱን አውቀዋለሁ። እኔ የምቆምበት ቦታ ጣውላው በሰንሰለት እየተጎተተ በፊቴ ያልፋል። ለአንዱ ስምንት ሰከንድ አለኝ። አይቼ፣ ገልብጬ፣ በቢጫ ጠመኔ ደረጃውን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ብዬ እጽፍበታለሁ። ስምንት ዓመት ስምንት ስምንት ሰከንድ እያልኩ ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ወይራ ይቅርብዎ። ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን የተዋሱትን መላጊያ ጥርሱን አርግፎ ከጎረቤት ያጣላዎታል። ባሕር ዛፍም ይቅር፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለአልጋ ዋንዛ ይግዙ። ክብደት ይሸከማል፣ ለመላጊያ ይታዘዛል፣ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን አይለውጥም። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ቢያንስ አንድ ዓመት ጥላ ውስጥ የደረቀ መሆን አለበት።

ሲመርጡ እንዲህ ያድርጉ። ጣውላውን አንሥተው አንዱን ጫፍ ዓይንዎ ሥር ያድርጉና እስከ ሌላው ጫፍ በጠርዙ ይመልከቱ፤ ጠመዝማዛ ከሆነ ይለፉት። ቅርንጫፍ የወጣበት ጉጥ ጠርዙ ላይ ካለ አይግዙ፤ እዚያ ላይ ይሰበራል። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ጫፉን በስለት ትንሽ ላጭ አድርገው በደንብ ያስተውሉት። በመርፌ የተወጋጋ የሚመስል ጥቃቅን ቀዳዳ ካለው የዋንዛ ዓይነት ጠንካራ እንጨት ነው። ልሙጥ ሆኖ ቀለበቱ ብቻ የሚታይ ከሆነ የጥድ ወገን ነው፤ ሻጩ ምን ቢምል አይስሙት። ቀለም ይቀባል፣ ቀዳዳ ግን አይቀባም።

መነጽርዎን ይዘው ይሂዱ።

ስለ እህቴ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

የእማዬን ግንባር ይሳሙልኝ።

የቤቱ ታናሽ

✻

ኅዳር 16 ቀን

ውድ እህቴ፣

ጽሑፍሽ ደርሶኝ ሁለቴ አነበብኩት። የሥራሽን ነገር ስትጽፊ እስከዛሬ እኔ ዘንድ ሕፃን እንደነበርሽ ተረዳሁ። ጌታ እውቀትሽን ይባርክልሽ።

ጣውላ ቤቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው። ባለቤቱን ሰዉ «አፈ ቅቤ» ይለዋል። ገና ከበሩ ሳልገባ ጀመረኝ፦

«አባት፣ ምን ልታዘዝ?»

«ዋንዛ። ለአልጋ።»

«ለሙሽራ?» ብሎ ሽበቴን አየ።

«ለአማቴ።»

«ለአማት? ዓለም ተገልብጣለች በሉኛ! እኔ ለአማቴ በርጩማ እንኳን አልሠራሁላት፣ ትቀመጣለች ብዬ።»

ጭነት የሚያወርዱት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። መነጽሬን ሳወጣ የመጣው ማቀፊያው ብቻ ነው፤ መስተዋቱ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወልቆ ቀርቷል። እንግዲህ ቀዳዳሽን በምን ልየው? ግን ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ዓይን ቢያጣ እጅ አለው። አንድ አንድ እያልኩ አነሣሁ። ኋላም ከካፖርቴ ኪስ የእጅ ሚዛኔን አውጥቼ ሰቀልኳቸው። ከአንዱ ክምር ያለው ስድስት ኪሎ ብቻ መዘነ። በግቢው ዳር ከተቆለለው ያነሣሁት ግን፣ በዚያው ቁመትና ወርድ፣ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል! «ይሄኛው ለምን ከበደ?» አልኩት።

«አባት፣ እሱ ገደል አፋፍ ላይ ከነፋስ እየታገለ ያደገ ዋንዛ ነው። ሥጋው ድፍን ነው። እርስዎ እኮ አዋቂ ነዎት!»

አዋቂ መባሌ ደስ አለኝ፤ አልደብቅሽም። ከዚያኛው ስድስት ጣውላ ገዛሁ። አሁን ከጓሮ በረንዳው ሥር ተደርድሯል፤ እማማም ወንበራቸው ላይ ሆነው በከዘራቸው እየነኩ «ከባድ ነው፣ ጥሩ ነው» ይላሉ።

አሁን ደግሞ ልመና አለኝ።

እማማ ትናንት «ልጄ እህቷ ዘንድ ከሄደች ስንት ጊዜዋ፤ አንድ ደብዳቤ እንኳን እንዴት አትጽፍም? ተጣልታችኋል እንዴ?» አሉኝ። ፈጥሬ ላንብብላቸው ብዬ ባዶ ወረቀት ይዤ ነበር፤ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ይዳስሳሉ፣ በማጉያ መስተዋት የእጅ ጽሑፉን ይመረምራሉ። እህቴ፣ አንድ ገጽ ብቻ ጻፊላቸው። በእሷ ስም። ጽሕፈትሽ ከእሷ ጋር አንድ ነው፤ ያስተማረችሽም እሷ ናት። «ደህና ነኝ፣ ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ምግብ በደንብ ብሉ» የመሰለ ነገር። ሌላ አልጠይቅሽም።

የሚያስጠይቅ ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይጻፍ።

የእህትሽ ባል

✻

ጥር 6 ቀን

ጋሼ፣

ጤናዎን ተመኝቼ ልጀምር።

አርባ ምናምን ቀን ዝም ማለቴን አውቃለሁ። ስልክ ሲደውሉም ያላነሣሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም።

የጠየቁኝን ልጽፍ ሞክሬያለሁ። እውነቴን ነው። እሑድ ከሰዓት ጠረጴዛዬን ጠርጌ ተቀመጥኩ። «እናቴ ሆይ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ያየሁት የእሷን ጽሕፈት ነው። እጄ ላይ የነበረው እስክሪብቶ የእኔ ሳይሆን የእሷ መሰለኝ። ቀድጄ ጣልኩት። ከዚያ ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ያለችኝን አንዲት ትርፍ ወንበር ማየት አቅቶኛል። ቀብሯ ላይ አልነበርኩም፣ ጋሼ። እርስዎ አፈር ሲያለብሷት አይተዋል፤ እኔ አላየሁም። እኔ የሞተች እህቴን ሞተች ብዬ ለማመን ስታገል፣ እርስዎ አምጥተው ቤቴ አስቀመጧት። እማዬ ከእኔ ጋር ናት ትላለች። ከእኔ ጋር ግን የለችም።

ይህን ለምን እንደማልረሳው ያውቃሉ? ያኔም «ትንሽ አሟታል» ብለው ሲነግሩኝ ከተቀበረች አምስተኛ ቀኗ ነበር። ለእኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። ለእማዬም አዝነው ነው። ሰው ሲያዝንልኝ መፍራት ጀምሬያለሁ።

ስለዚህ አልጽፍም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሳይቆጡ ይመልሱልኝ። ይህ አልጋ መሰናበቻ ነው? እህቴ ከሌለች እርስዎን በዚያ ቤት የሚያስርዎት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ገና ጉልበት አለዎት፤ ወንድሞችዎም ደጋግመው ይጠሩዎታል። «ደህና አልጋ ሠርቼላት ልውጣ» ብለው ከሆነ ቀድመው ይንገሩኝ። እኔ መምጣት እንደማልችል ያውቃሉ።

ስለ እንጨቱ፦ ዘጠኝ ኪሎ ተኩል የሚለውን ሳነብ ደነገጥኩ። በክብደት እንደሚመርጡ ማወቅ ነበረብኝ። ደረቅ ዋንዛ ያን ያህል አይመዝንም። ውሃ የጠጣ እንጨት ነው የሚከብደው። እስካሁን ካልጀመሩት ደግመው ይመዝኑት።

የቤቱ ታናሽ

✻

ጥር 28 ቀን

እህቴ ሆይ፣

ለቁጣሽ አመሰግንሻለሁ። ከልቤ ነው። ቁጣ ያልተቀባ ነገር ነው።

መጀመሪያ የእንጨቱን ልንገርሽ፤ ቀላሉ እሱ ነውና። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በረንዳው ላይ ሚዛኔን ሰቀልኩ። ዘጠኝ ተኩል የነበረው አምስት ከሩብ ሆኗል። አራቱ እንደ ፍየል ቀንድ ተጣመዋል። የመነጽሬን መስተዋት አስገጥሜ ጫፉን በምላጭ ላጨሁት፤ ልሙጥ ነው፣ አንድ ቀዳዳ የለውም። ቡናማው ቀለም የጥፍር ያህል እንኳን አልጠለቀም፤ ውስጡ ነጭ ነው። የፈረንጅ ጥድ፣ ዝናብ ላይ አሳድረው ያጠጡት። «አፈ ቅቤ» ሲሉት የተረቱን ሌላ ግማሽ እንዴት ረሳሁት? ልበ ጩቤ።

ሄድኩ። «አባት፣ እኔ መቼ ከባዱን ይውሰዱ አልኩ?» አለኝ። «ሚዛን ያመጡት እርስዎ፣ የመረጡት እርስዎ። እኔ ያልኩት አዋቂ ነዎት ብቻ ነው፤ እሱን ግን ተሳስቻለሁ።» ያወርዱ የነበሩት ዳግመኛ ሳቁ። በዚህኛው እኔ አልሳቅሁም። ቀለሙ የእሱ ነው፤ ግን ከባዱን ፈልጌ የሄድኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ፤ ሠላሳ ዓመት እህል ስመዝን የራሰ ጆንያ ሲመጣ ገና ከሩቅ በጠረኑ አውቀው ነበር። በእጄ ስለተመካሁ አፍንጫዬን አልጠየቅኩም።

አሁን ያንቺን ጥያቄ። ሁለት ሳምንት ዞርኩት።

እማማን የምታጥብልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚብስ መሆኑን ታውቂያለሽ። ባለፈው ጨርቅ እያጠፈች «አንተ ሰው፣ ሚስት የሌለው አማች፣ ጉልቻ የሌለው ድስት ነው። እስከ መቼ?» አለችኝ። ቀልዳ ነው። እኔ ግን ቤቱ ጠበበኝና ጓሮ ወጣሁ። ያን ጊዜ ራሴን መረመርኩ። ለእማማ አዝኜ ነው የዋሸሁት ብዬሽ ነበር። ግማሹ ነው። ቤቱ የእናትሽ ነው፣ ቀጥሎም ያንቺ። እህትሽ «እህቷ ዘንድ» እስካለች ድረስ እኔ የቤቱ ልጅ ባል ነኝ፤ ማታ በሩን የምዘጋበት፣ ጧት ቁርስ የማቀርብበት ምክንያት አለኝ። ሞታለች ካልኩ ግን እኔ ማን ነኝ? ልጅ የለን። እማማ እውነቱን የሰሙ ቀን ቀና ብለው ቢያዩኝና «አንተስ ምን ትጠብቃለህ?» ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። የዋሸሁት ለዚህም ነው። ይህን ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ እሱ ግን መልስ ሲሰጥ እንዳንቺ በጽሑፍ አይደለም።

መሰናበቻ አይደለም። ልሂድ ብዬ አላውቅም። ሂድ እንዳልባል ነው ፍርሃቴ።

ሌላ እንጨት አግኝቻለሁ። ከወንዙ ማዶ የድሮ የዱቄት ወፍጮ እያፈረሱ ነው። የወለሉ ተሸካሚ የነበሩ ወፋፍራም እንጨቶች አወጡ፤ ላያቸው በአቧራ ብዛት አመድ መስሏል። የአፍራሾቹ አለቃ «ለማገዶ ካልሆነ ማን ይፈልገዋል?» ብሎ አራቱን ሰጠኝ። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር። ጫፉን ላጨሁ፤ ቀዳዳ አየሁ መሰለኝ። ከእንግዲህ ግን ዓይኔንም እጄንም አላምንም፤ ፍቅፋቂውን ከዚህ ወረቀት ጋር አጥፌ ልኬልሻለሁ። አይተሽ ፍረጂ።

የእህትሽ ባል

✻

የካቲት 12 ቀን

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ፍቅፋቂው ሳይሰበር ደረሰ። ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ በእረፍት ሰዓት በማጉያ አየሁት። ለስምንት ሰከንድ አይደለም፣ ለግማሽ ሰዓት። አጠገቤ የምትሠራው ሴትዮ «ፍቅረኛሽ ነው የላከው?» ብላ አሾፈችብኝ። ዋንዛ ነው። ያረጀ፣ ዕድሜ ልኩን ዱቄትና ሰው ሲሸከም የኖረ፣ ከዚህ በኋላ የማይጣመም። በጠመኔዬ አንድ ቁጥር እሰጠዋለሁ።

ውስጡ አሮጌ ሚስማር ሊኖር ስለሚችል በማግኔት ይፈትሹት፤ መጋዙን ይበላዋል። ርብራቡን አራት አራት ጣት ያራርቁት፣ ፍራሹ እንዲተነፍስ። ቪስ ከማስገባትዎ በፊት በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ያብጁለት፤ ደረቅ እንጨት ሲጨንቀው ይሰነጠቃል። የጎኑን ድጋፍ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ክብ ያድርጉልኝ፤ የእማዬ ቆዳ ስስ ነው።

አሁን ሌላውን።

መምጣት አልችልም ያልኩት ግማሹ እውነት ነው። ፈቃድ ብጠይቅ ይሰጡኛል። ግን መጥቼ እሷ የሌለችበትን ቤት ማየት ስላቃተኝ፣ «አልችልም» ማለት ቀለለኝ። እርስዎ ፈርተው ዋሹ፤ እኔም ፈርቼ ቀረሁ። እንግዲህ ማን ማንን ይወቅሳል?

ቤቱን ይልቀቁ የሚል ቃል ከእኔ አፍ አይወጣም። ይቆዩ ለማለት ግን ምን አፍ አለኝ? ከሩቅ ሆኖ ሰውን ሸክም ላይ «ይቆዩ» ማለት ደግ አይደለም። ይህን የሚናገር ካለ እማዬ ናት።

ይንገሯት፣ ጋሼ። ብታለቅስም ታልቅስ። ልጇ ናት፤ ማልቀስ ይገባታል። እኔ ዘንድ አለች ብላ ግን የማትመጣ ልጇን አትጠብቅ። ሲነግሯት ቆመው አይሁን፣ አጠገቧ ቁጭ ይበሉ።

ለሁላችንም ብርታት ይስጠን።

የቤቱ ታናሽ

✻

መጋቢት 4 ቀን

ለእህቴ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ብጠይቅሽ መልሱ ሳይደርሰኝ ሌላ ቀን ይሆናል፤ ስለዚህ ደህና ሁኚ ብዬ እጀምራለሁ።

ያልሽውን ሁሉ አደረግኩ። ከአራቱ ግንድ አሥራ አንድ ሚስማር ወጣ። ራስጌውና ግርጌው ቆሟል፣ ርብራቡም ገብቷል፤ የቀረኝ የጎን ድጋፉ ነው። ባለፈው ሐሙስ ጧት በረንዳው ላይ እየላግኩ፣ እማማ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሰጋቱራውን በከዘራቸው ይጠርጋሉ።

«ልጄ ከእህቷ ዘንድ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉኝ።

መላጊያውን አስቀመጥኩ። እንዳልሽኝ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «እማማ፣ እዚያ አይደለችም። ልጅዎ ካረፈች ዓመት ሆናት። ቀብሯ ላይ ነበሩ። ባሕር ማዶ ናት ያልኩዎት ዋሽቼ ነው።»

ሰጋቱራውን መጥረግ አቆሙ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው አለቀሱ። እጄን ሰጠኋቸው፤ አልያዙትም። ቆይተው፦

«ታናሺቱስ?»

«እሷ ደህና ናት።»

«እሷንም እየዋሸኸኝ እንዳይሆን።»

«በፈጠረኝ እምላለሁ፣ ደህና ናት። ይህን እንጨት የመረጠችው እሷ ናት።»

ይቺን ቃል ሲጠይቁኝ ነው ውሸቴ የሠራውን ያየሁት። በሕይወት ያለሽውንም አንቺን ከእጃቸው ነጥቄያቸው ነበር።

ዓይናቸውን ጠርገው ቀና አሉና አዩኝ። የፈራሁት መጣ።

«አንተስ?» አሉ። «ልጄ ከሞተች አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

እህቴ፣ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር።

«አልጋ እየሠራሁ ነው» አልኩ።

እጃቸውን ዘርግተው ጠርዙን ዳሰሱ። «ይሄን?»

«ይሄን።»

«ሲያልቅስ?»

መሬት መሬት አየሁ።

«ሲያልቅ» አሉ እማማ፣ «የጓዳውን በር ታያለህ። ሲከፈትም ሲዘጋም ይጮኻል፤ እንቅልፍ ነሳኝ እኮ! ወንድ ያለበት ቤት በር እንዲህ ይጮኻል?»

ተነሥቼ መላጊያዬን ያዝኩ። የላግሁት እንጨቱን ይሁን ዓየሩን አላውቅም፣ ዓይኔ አያይም ነበር።

እዚህ ላይ ባቆመው ጥሩ ነበር፤ ግን ላንቺ ከእንግዲህ ግማሽ አልጽፍም። በማግስቱ ረሱት። «ልጄ የት ሄደች?» አሉ፤ ተቀምጬ ነገርኳቸው፤ እንደ አዲስ አለቀሱ። ቅዳሜም። እሑድም። አንቺ «ይንገሯት» ስትይኝ አንዴ መስሎሽ ነበር፤ እኔም አንዴ መስሎኝ ነበር። በየጧቱ ሆኗል። ልብስ ሰፊዋ «ጨካኝ ነህ» ትለኛለች። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። በጸሎት እጠይቃለሁ፣ እስካሁን ዝም ነው። አንድ ነገር ብቻ ለይቻለሁ፦ ሲያለቅሱ እጄን ይይዙታል አሁን። አንዳንድ ጧት እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፤ ለካ እኔም አላለቀስኩላትም ነበር።

ምናልባት ይህን ከሚሰሙበት አፍ አንዱ የአንቺ ቢሆን ይሻል ነበር። እንድትመጪ አልለምንሽም። ቤቱ ግን በር አለው።

ስለ በሩ ካነሣሁ፦ የልጃቸውን ሞት ይረሳሉ፣ ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ በሩን ግን አልረሱም። በየቀኑ «ጀመርከው?» ይሉኛል። «አልጋው ይለቅ፣ እማማ» እላለሁ። «እሺ፣ አትቸኩል» ይላሉ። ለክቼዋለሁ፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ከሦስት ሳንቲም፣ ወርዱ ሰባ ስምንት። እንጨቱ ምንም አልሆነም። የሚጮኸው ማጠፊያው ነው፤ ሁለት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

አላጠጣሁትም።

የእህትሽ ባል